የሥነ ጽሑፍ ወኪል የሚያነባት አንዲት ገጽ

የመጀመሪያውን ልብ ወለዴን ጽፌ ለመጨረስ 4 ዓመት ፈጅቶብኛል። መጽሐፉን ለሥነ ጽሑፍ ወኪሎች ያስተዋወቅሁበትን ደብዳቤ ግን የጻፍሁት በአንድ ምሽት ነበር። በማግስቱ ለ12 ወኪሎች ላክሁት፤ 3ቱ አጭር የእምቢታ መልስ ሲሰጡኝ 9ኙ ጨርሶ አልመለሱልኝም። ከልብ ወለዱ አንድ ምዕራፍ እንኳ ላኪልን ያለ አልነበረም። ያን ጊዜ ጥፋቱን የፈለግሁት ልብ ወለዱ ውስጥ ነበርና ምዕራፎቹን አፍርሼ እንደገና መገንባት ጀመርሁ። ነገር ግን ልብ ወለዱን ማንም አላየውም ነበር፤ የተነበበው ደብዳቤው ብቻ ነው። ይህን ቀላል ነገር እስክረዳ ድረስ 7 ወር አልፏል፤ ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ረቂቃቸውን ጨርሰው ወኪል ፍለጋ ሊነሡ የተዘጋጁ ጸሐፊዎች እንዲህ ያለውን ጊዜ በከንቱ እንዳያጠፉ በማሰብ ነው።

በእንግሊዝኛ ‹ኩዌሪ ሌተር› የሚባለውን ይህን ደብዳቤ በትክክል ለመጻፍ አስቀድሞ የወኪሉን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል። በአሜሪካና በብሪታንያ የመጽሐፍ ገበያ እንደ ፔንግዊን ራንደም ሃውስ፣ ሃርፐርኮሊንስ፣ ሳይመን ኤንድ ሹስተር፣ አሼትና ማክሚላን ያሉት ትልልቅ አሳታሚዎች ከጥቂት አጋጣሚዎች በቀር ረቂቅ የሚቀበሉት በወኪል በኩል ነው። ወኪሉ ረቂቁን አንብቦ ይመርጣል፣ ብዙ ጊዜም ከደራሲው ጋር ሆኖ ያቃናዋል፣ ለአርታኢዎች ያቀርባል፣ በውሉ ላይ ይደራደራል፣ ከአሳታሚው የሚመጣውን ክፍያ ተቀብሎም ድርሻውን አስቀርቶ ቀሪውን ለደራሲው ያስተላልፋል። የተለመደው ድርሻ በአገር ውስጥ ሽያጭ 15 በመቶ፣ በውጭ አገርና በትርጉም መብት ሽያጭ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 20 በመቶ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ለንደን ውስጥ ኤ. ፒ. ዋት የተባለ ሰው ደራስያንን ወክሎ ከአሳታሚዎች ጋር እየተደራደረ ከሚገኘው ገንዘብ 10 በመቶ መውሰድ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ የድርሻው መጠን ቢጨምርም የሙያው መሠረት አልተናወጠም፦ መጽሐፉ ካልተሸጠ ወኪሉ ምንም አያገኝም።

ከዚህ የሚከተለውን ነገር ልብ ማለት ይገባል። ወኪሉ የሥራ ቀኑን የሚያውለው አስቀድሞ በወከላቸው ደራስያን ጉዳይ ላይ ነው፤ ከማያውቃቸው ሰዎች የሚመጡትን ደብዳቤዎች የሚያነበው በትርፍ ሰዓቱ፣ አንዱን ካንዱ እያስከተለ ነው። ሲያነብም በልቡ የሚይዛቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፤ ይህን መጽሐፍ ለማን እሸጠዋለሁ የሚለውና፣ እስኪሸጥ ድረስ ምናልባት ዓመታት አብሬው ልቆይ እችላለሁን የሚለው። ሁለተኛውን ጥያቄ ደብዳቤው ሊመልስለት አይችልም፤ እሱን የሚመልሰው ልብ ወለዱ ነው። ስለዚህ ደብዳቤው ወኪሉን «እወክልሃለሁ» እስከማለት እንዲያደርሰው መጠበቅ የለበትም። የደብዳቤው ተግባር አንድ ነው፤ ወኪሉ ከደብዳቤው ሥር ወዳለው የልብ ወለዱ የመጀመሪያ ገጽ እንዲያልፍ ማድረግ። የእኔ የመጀመሪያ ደብዳቤ ይህን ስላላወቀ ሁሉንም ነገር ሊያደርግ ሞከረና አንዱንም አላደረገም።

እንዲህ ነበር የሚጀምረው፤ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ቢሆንም እዚህ ወደ አማርኛ መልሼዋለሁ፦

«ልብ ወለዴ እውነት ምንድን ነው፣ ፍትሕስ ለማን ነው የሚሉትን ጥልቅ ጥያቄዎች የሚመረምር፣ በቤተሰብ ፍቅርና በኅሊና መካከል ያለውን ዘላለማዊ ትግል የሚዳስስ፣ አንባቢን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ልቡን ሰቅሎ የሚይዝ ሥራ ነው።»

ይህን ዓረፍተ ነገር በጻፍሁበት ምሽት ኮርቼበት ነበር። ዛሬ ሳነበው የሚታየኝ ግን ባዶ ክፍል ነው። ሰው የለበትም፤ የሆነ ነገር የለበትም፤ አንድ ሰው የሚቆምበት ወለል እንኳ የለበትም። ስለ ሺህ መጻሕፍት ሊነገር የሚችል ነው፤ ስለ ሺህ መጻሕፍት የሚነገር ነገር ደግሞ ስለ አንዱም አልተነገረም ማለት ነው። «ልብ ሰቅሎ የሚይዝ» የሚለው ፍርድም የአንባቢው እንጂ የደራሲው አይደለም። ደራሲ ስለ ራሱ ሥራ እንዲህ ሲል ወኪሉ የሚሰማው ምስጋናውን ሳይሆን ማስረጃው መጥፋቱን ነው።

መንገዱን ያሳየችኝ ከሥነ ጽሑፍ ሥራ ጋር ምንም ግንኙነት የሌላት ጓደኛዬ ናት። ደብዳቤውን ሰጠኋትና እስክትጨርስ ፊት ለፊቷ ተቀመጥሁ። አንብባ ወረቀቱን ገለበጠችውና «እሺ፤ መጽሐፉ ውስጥ ማን ነው ያለው?» አለችኝ። «አንዲት የፍርድ ቤት ጸሐፊ» አልኋት። «ምን ሆነች?» አለች። ነገርኋት። ስነግራት በወረቀቱ ጀርባ ላይ እርሳስ ይዛ ትጽፍ ነበር፤ ስጨርስ የጻፈችውን አነበበችልኝ። ከ4 ዓረፍተ ነገር አይበልጥም ነበር። የኋለኛው ደብዳቤዬ አካል የተሠራው ከእነዚያ 4 ዓረፍተ ነገሮች ነው፦

«ማርታ በፍርድ ቤት የምስክሮችን ቃል ስትመዘግብ በኖረችባቸው 19 ዓመታት አንዲት ቃል አዛብታ አታውቅም። ታናሽ ወንድሟ በነፍስ ግድያ ሲከሰስ ግን ብቸኛው የዓይን ምስክር ‹አየሁት› ያለውን ‹ያየሁት መሰለኝ› ብላ ትጽፋለች፤ ችሎቱን ከሌላ የተረከቡት ዳኛም መዝገቡን መርምረው ወንድሟን በነጻ ያሰናብቱታል። ዐቃቤ ሕጉ ይግባኝ ሲል የችሎቱን የድምፅ ቅጂ ከጽሑፉ ጋር እንድታመሳክር የምትታዘዘው ራሷ ማርታ ናት። ቅጂውን ብታስረክብ እሷ ወደ ወህኒ፣ ወንድሟም ወደ ችሎት ይሄዳሉ፤ ብታጠፋው ደግሞ ጥፋቱ የሚወድቀው ቅጂዎቹን በኃላፊነት በሚጠብቀው፣ ሥራውን ባስተማራት አዛውንት ላይ ነው።»

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የቋንቋ ውበት አይደለም፤ እንዲያውም የመጀመሪያው የበለጠ ያጌጠ ነው። በሁለተኛው ግን አንድ ሰው አለ፣ ይህ ሰው የሚፈልገው ነገር አለ፣ ፈልጎም ያደረገው ድርጊት አለ፣ ድርጊቱ ያስከተለው መዘዝ አለ፣ በመጨረሻም ሁለቱም ጎኑ የሚያስከፍል ምርጫ አለ። ፍትሕ፣ እውነት፣ የቤተሰብ ፍቅር የሚሉት ቃላት አንድም ጊዜ አልተጠሩም፤ ሦስቱም ግን አሉ። እኔ በዚህ ሥራ ከተማርሁት ሁሉ አጥብቄ የምይዘው ይህን ነው፦ ጭብጥ በደብዳቤ ውስጥ ሲሰየም ይሞታል፣ በሰው ምርጫ ውስጥ ሲታይ ግን ወኪሉ ራሱ ይሰይመዋል።

ምን ያህል ይነገር የሚለው ብዙዎችን ያስጨንቃል። ደብዳቤው የልብ ወለዱን የመጀመሪያ ሲሶ፣ ቢበዛ እስከ እኩሌታው ያለውን ተርኮ ዋናው ምርጫ ላይ ሲደርስ ማቆም አለበት። መጨረሻውን መናገር የሲኖፕሲሱ ሥራ ነው። ሲኖፕሲስ ወኪሉ ከጠየቀ ለብቻው የሚላክ፣ ብዙ ጊዜ በአንድ ገጽ ወይም በ500 ቃላት ገደማ ታሪኩን ከነፍጻሜው የሚያስቀምጥ ጽሑፍ ሲሆን፣ በእሱ ውስጥ መደበቅ ልክ በደብዳቤው ውስጥ መዘርገፍን ያህል ስሕተት ነው። የሰው ስምም እንዲሁ መቆጠብ አለበት። በልብ ወለዴ ውስጥ ስም ያላቸው ገጸ ባሕርያት 11 ናቸው፤ በደብዳቤው ውስጥ የተጠራው ስም ግን የማርታ ብቻ ነው። ሌሎቹ «ወንድሟ»፣ «ዐቃቤ ሕጉ»፣ «አዛውንቱ» ተብለው አልፈዋል፤ ምክንያቱም አንባቢው በ10 ሴኮንድ ውስጥ ሊሸከመው የሚችለው ስም አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ነው። ከሁሉ የበለጠ የከበደኝ 90 ገጽ የሚይዘውን የዐቃቤ ሕጉን እናት ታሪክ ጨርሶ መተው ነበር። ያን ክፍል ከሌላው ሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ። ነገር ግን ወደ ደብዳቤው በገባ ቁጥር የማርታ ምርጫ እየደበዘዘ ስለመጣ አወጣሁት፤ አንባቢ በመጽሐፉ ውስጥ ያገኘዋል።

ሁለት ጥቃቅን ነገሮችን እዚሁ ላንሣ። ልብ ወለዱ በ«እኔ» ባይ ተራኪና በኃላፊ ጊዜ የተጻፈ ቢሆን እንኳ በእንግሊዝኛው ልማድ ደብዳቤው ታሪኩን የሚያቀርበው በሦስተኛ መደብና በአሁን ጊዜ ነው። «አንድ ቀን የገዛ ወንድምዎን ነጻነት በአንዲት ቃል መግዛት ቢችሉ ምን ያደርጉ ነበር?» እንደሚለው ያለ ጥያቄም አይጠቅምም፤ ወኪሉ «ምንም አላደርግም» ብሎ ሊያልፈው ይችላል።

ከታሪኩ ሌላ ደብዳቤው የሚሸከመው ነገር ጥቂት ነው፤ ጠቅላላ ርዝመቱም ከ250 እስከ 400 ቃላት ባለው ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። የመጽሐፉ ርእስ፣ ዘውጉና የቃላቱ ብዛት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገለጻሉ። የቃላት ብዛት ተራ ቁጥር ሊመስል ይችላል፤ ለወኪሉ ግን ብዙ ይናገራል። ለአዋቂዎች የሚጻፍ የመጀመሪያ ልብ ወለድ አብዛኛውን ጊዜ ከ80,000 እስከ 100,000 ቃላት ይጠበቅበታል፤ ምናባዊ ዓለም የሚፈጥሩት የፋንታሲና የሳይንስ ልብ ወለዶች እስከ 120,000 ቢደርሱ ይታገሷቸዋል፤ ለወጣቶች የሚጻፉት ደግሞ ከዚህ ያጥራሉ። የእኔ ረቂቅ በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ 148,000 ቃላት ነበር። ያ ቁጥር ወኪሉ አንድም መስመር ሳያነብ «ይህ ረቂቅ ገና አልታረመም» ብሎ ይነግረዋል፤ እውነትም አልታረመም ነበር። በኋላ ወደ 97,000 ሳወርደው ከታሪኩ የጎደለ ነገር አላገኘሁም። በጣም ረጅም የሆነ ረቂቅ ያላችሁ ጸሐፊዎች፣ ቁጥሩን ከደብዳቤው ላይ በመሰረዝ ችግሩ አይወገድም፤ ቁጥሩ አለመጠቀሱ ራሱ ጥርጣሬን ይጋብዛል።

ከዚያ የሚነጻጸሩት መጻሕፍት ይመጣሉ፤ በሙያው ‹ኮምፕ› ይሏቸዋል። ደራስያን ይህን ክፍል ሲጠሉት አያለሁ፤ ሥራቸውን ከሌላ ጋር እንዲያወዳድሩ የተጠየቁ ስለሚመስላቸው ነው። ጥያቄው ግን ሌላ ነው። ወኪሉ ለአርታኢ፣ አርታኢው ለሽያጭ ክፍል፣ የሽያጭ ክፍሉም ለመጽሐፍ መደብሩ «ይህ መጽሐፍ የት መደርደሪያ ላይ፣ ከማን ጎን ይቀመጣል?» የሚለውን መመለስ አለባቸው፤ ኮምፕ የዚህ መልስ ነው። ስለዚህ ባለፉት 3፣ ቢበዛ 5 ዓመታት ውስጥ የታተሙ፣ በዚያው ዘውግ ያሉ ሁለት መጻሕፍት ይበቃሉ። የዛሬ 50 ዓመት የታተመ ታላቅ ሥራ መጥቀስ የዛሬውን ገበያ አያሳይም፤ በሚሊዮን የተሸጠን መጽሐፍ መጥቀስም ራስን ከማንም ጋር አያስተካክልም፣ የንባብን ጥበት ብቻ ያሳያል። ርእሶቹን ደርድሮ ማለፍም በቂ አይደለም፤ ከአንደኛው የሚጋራው የችሎቱ ውጥረት፣ ከሌላኛው የሚጋራው የእኅትና የወንድም ታሪክ መሆኑ መገለጽ አለበት። ያላነበባችሁትን መጽሐፍ ግን በፍጹም አትጥቀሱ። ወኪሉ ምናልባት ያን መጽሐፍ ራሱ የሸጠው ሊሆን ይችላል።

እነዚህን መጻሕፍት ስትፈልጉ ሌላም ነገር ታገኛላችሁ። በእንግሊዝኛ መጻሕፍት መጨረሻ ላይ ያለችውን የምስጋና ገጽ ክፈቱ፤ ደራሲው አብዛኛውን ጊዜ ወኪሉን በስም ያመሰግናል። ለእናንተ ሥራ የሚቀርበውን መጽሐፍ የሸጠው ሰው ማን እንደሆነ ከዚያች ገጽ ይገኛል። እኔ ከአንድ ቤተ መጻሕፍት 15 ያህል አዳዲስ ልብ ወለዶችን አውጥቼ ከምስጋና ገጾቻቸው የያዝሁት ዝርዝር ከመጀመሪያው ዝርዝሬ እጅግ የተሻለ ነበር፤ የመጀመሪያውን ያገኘሁት ስማቸው የገነነ ወኪሎችን በማሰባሰብ ብቻ ነበርና። ‹ኩዌሪትራከር› እና ‹ማኑስክሪፕት ዊሽ ሊስት› የተባሉት ድረ ገጾችም ማን ምን እንደሚፈልግ፣ ማንስ ለጊዜው በሩን እንደዘጋ ለማወቅ ይረዳሉ፤ የመጨረሻው ቃል ግን የወኪሉ የራሱ ድረ ገጽ ነው። ለእሱ የምትጽፉበት እውነተኛ ምክንያት ካላችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሩት፤ ከሌላችሁ ስሙን በትክክል ጽፋችሁ ወደ ታሪኩ ግቡ። የሐሰት ውዳሴ ከዝምታ ይከፋል።

ስለ ራሳችሁ የምትጽፉት ክፍል አጭር ይሁን። በመጀመሪያው ደብዳቤዬ «ከልጅነቴ ጀምሮ ጽሑፍ እወድ ነበር» ብዬ ጽፌ ነበር፤ በዚያ ላይ ገና ምንም እንዳላሳተምሁ ገልጬ ይቅርታ ጠይቄአለሁ። ሁለቱም ለወኪሉ ምንም አይጠቅሙትም። ልብ ወለድ ከሆነ ከዚህ ቀደም አለማሳተም ነውር አይደለም፤ ምንም የሚጠቀስ ከሌለ ዝም ማለት ይቻላል። የሚያስቆጨኝ የተውሁት ነገር ነው። 6 ዓመት በፍርድ ቤት መዝገብ ክፍል ሠርቼ ሳለ፣ ልብ ወለዱም ከዚያ ክፍል ተወልዶ ሳለ፣ ያን ከሥነ ጽሑፍ ውጭ ነው ብዬ ሳልጠቅሰው ቀረሁ። በኋላኛው ደብዳቤ የራሴ ታሪክ ያ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ሆነ። ልብ ወለድ ላልሆነ ሥራ ነገሩ ይለያል፤ እዚያ የደራሲው ዕውቀትና በጉዳዩ ላይ ያለው ታዋቂነት ትልቅ ክብደት አለው፣ ሙሉ ረቂቅም ሳይሆን የመጽሐፉ ዕቅድና ናሙና ምዕራፎች ይቀርባሉ። ልብ ወለድ ግን ተጽፎ፣ ታርሞ፣ አልቆ መገኘት አለበት። «ላኪልን» የሚለው መልስ በሁለተኛው ቀን ሊመጣ ይችላልና።

ስለ አላላኩ ብዙ የምለው የለኝም፤ መመሪያው ያለውን ማድረግ ብቻ ነው። የአሜሪካ ወኪሎች ብዙ ጊዜ ደብዳቤውንና የመጀመሪያዎቹን 5 ወይም 10 ገጾች በኢሜይሉ አካል ውስጥ ወይም በድረ ገጽ ቅጽ ይቀበላሉ፤ ያልተጠየቀ አባሪ አብዛኞቹ አይከፍቱም። የብሪታንያዎቹ ደግሞ ከደብዳቤው ጋር ሲኖፕሲስና የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምዕራፎች መጠየቅ ያዘወትራሉ። ለብዙ ወኪሎች በአንድ ጊዜ መላክ የተለመደና የተፈቀደ ነው፤ በአንድ ድርጅት ውስጥ ላሉ ሁለት ወኪሎች በአንድ ጊዜ መላክ ግን አይገባም።

ይሁን እንጂ ለሁሉም በአንድ ቀን አትላኩ። የእኔ ትልቁ ጥፋት ይህ ነበር። በ5 በ5 ወይም በ8 በ8 መላክ የሚጠቅመው ለትዕግሥት ሲባል ብቻ አይደለም፤ የሚመጣው መልስ የት ጋ ችግር እንዳለ ስለሚያሳይ ነው። ከ10 በላይ ወኪሎች ደብዳቤውን አንብበው ማንም ገጽ ካልጠየቀ ችግሩ ያለው በደብዳቤው ወይም ከሥሩ በተለጠፉት የመጀመሪያ ገጾች ላይ ነው፤ የቀረውን የልብ ወለዱን ክፍል መንካት አያስፈልግም። ናሙና ምዕራፍ እየጠየቁ ሙሉውን ካልጠየቁ፣ ደብዳቤው ሥራውን ሠርቷል፣ የሚታረመው የልብ ወለዱ መግቢያ ነው። ሙሉውን አንብበው ከመለሱ ደግሞ መፈተሽ ያለበት የልብ ወለዱ መካከልና ፍጻሜ ነው፤ በዚህ ደረጃ የሚመጣ መልስ አንዳንዴ ምክንያቱን ስለሚይዝ ደጋግሞ ማንበብ ይገባል። ሁለት የማይተዋወቁ ወኪሎች አንድ ዓይነት ነገር ከተናገሩ እኔ እነሱን አምናለሁ። በአንድ ቀን ለሁሉም ልኮ የጨረሰ ሰው ግን የተሻለውን ደብዳቤ የሚልክለት ሰው አያገኝም፤ አንድ ወኪል የመለሰውን ሥራ መሠረታዊ ለውጥ ሳይደረግበት እንደገና መላክ የተለመደ አይደለምና።

ዝምታውን በተመለከተ ልብን ማዘጋጀት ያስፈልጋል። መልስ ከ6 እስከ 12 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል፤ ብዙ ወኪሎችም ካልመለስን እምቢ ማለታችን ነው ብለው በመመሪያቸው ይጽፋሉ። ይህ ደራሲን ያቆስላል፤ እኔንም አቁስሎኛል። ኢሜይሌን በቀን ስንት ጊዜ እንደምከፍት የማውቀው እኔ ነኝ። የረዳኝ ነገር ቢኖር እያንዳንዱን ደብዳቤ፣ የተላከበትን ቀንና የመልሱን ቀነ ገደብ በአንድ ሠንጠረዥ መዝግቤ ከዚያ ውጭ አለመመልከቴ፣ ቀኑንም ለአዲስ ሥራ መስጠቴ ነው። ለእምቢታ መልስ አትስጡ፤ ለመከራከር ደግሞ በጭራሽ። ሙሉ ረቂቅ ወስዶ 3 ወር የቆየን ወኪል ግን በትሕትና ማስታወስ ነውር የለውም።

በዚህ መጠበቂያ ጊዜ ውስጥ አጭበርባሪዎች ይመጣሉ፤ የሚመጡትም ልባችን ሲደክም ነው። በሁለተኛው ወር እኔ ጽፌለት የማላውቅ «ወኪል» ሥራዬን እንዳደነቀ፣ አሳታሚም እንዳዘጋጀልኝ የሚገልጽ መልእክት ላከልኝ። የጻፍሁትን አንድም መስመር አይጠቅስም ነበር። እኔ ግን 9 ዝምታ ካየሁ በኋላ ነበርና ያን ውዳሴ ሦስት ጊዜ አነበብሁት፤ በአራተኛው መልእክት ላይ ለአርትዖትና ለምዝገባ ገንዘብ አስቀድሜ እንድከፍል ሲጠይቀኝ ነው የነቃሁት። እውነተኛ ወኪል ለማንበብም፣ ለመወከልም፣ ለአሳታሚ ለማቅረብም ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚከፈለው ከሽያጩ ብቻ ነው። በአሜሪካ የሥነ ጽሑፍ ወኪሎች ማኅበር የሥነ ምግባር ደንብ አባላቱ ለንባብ እንዳያስከፍሉ ይከለክላል። በብሪታንያም ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወኪሎች ማኅበር አለ። ‹ራይተር ቢዌር› የተባለው የማስጠንቀቂያ አገልግሎት ደግሞ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲህ ያሉትን ማጭበርበሮች ሲያጋልጥ ቆይቷል። አጭበርባሪዎች የእውነተኛ ወኪሎችን ስም ጭምር ስለሚጠቀሙ፣ ሳትጽፉለት የጻፈላችሁን ሰው በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ ባለው አድራሻ ራሳችሁ ጽፋችሁ አረጋግጡ።

የተስተካከለውን ደብዳቤ ለ8 ወኪሎች ላክሁ፤ 3ቱ ገጽ ጠየቁ፣ ከ3ቱም አንዷ ሙሉውን አንብባ በስልክ እንድንነጋገር ቀጠሮ ያዘች። ለዚህ ንግግር ተዘጋጅታችሁ ቅረቡ፤ በዚያ ሰዓት ጠያቂዎቹ እናንተም ናችሁና። በልብ ወለዱ ላይ ምን ዓይነት ለውጥ እንደምትፈልግ፣ ለየትኞቹ አርታኢዎች ልታቀርበው እንዳሰበች፣ ይህ መጽሐፍ ባይሸጥ ቀጣዩን ትወክል እንደሆነ፣ ስለ ሽያጩ ሂደት በየስንት ጊዜው እንደምታሳውቅ ጠየቅሁ። የውክልና ውሉን ናሙና እንድትልክልኝም ለመንሁ፤ በተለይ የማየው አንዳችን መለያየት ብንፈልግ ስንት ቀን አስቀድመን ማስታወቅ እንዳለብን የሚደነግገውን አንቀጽ ነበር። እዚያው በስልክ «እሺ» ለማለት ልቤ ቢቸኩልም ሁለት ሳምንት እንድትሰጠኝ ጠየቅኋት፤ ይህ የተለመደ ስለሆነ ቅር የሚለው ወኪል ካለ እሱ ራሱ ምልክት ነው። በዚያው ምሽት ረቂቁ ወይም ደብዳቤው በእጃቸው ላለ ወኪሎች ሁሉ ጻፍሁ። በርእሰ ጉዳዩ መስመር ላይ የውክልና ጥያቄ እንደቀረበልኝ፣ በአካሉም የመጽሐፉን ርእስና መልስ የምጠብቅበትን ቀን ብቻ አሰፈርሁ። ወራት ዝም ብለው ከቆዩት መካከል ሁለቱ በማግስቱ ጠዋት መለሱልኝ።